ለሃያ ባይት ደጅ መጥናት

ሥራዬ ከስልክ ኔትወርክ ጋር ስለሆነ የፓተንት ሰነድ ማንበብ የግድ ይሆንብኛል። ወድጄ አላነበውም። በሦስት መስመር የሚያልቅን ሐሳብ አርባ ገጽ ላይ የሚዘረጋ ሌላ የጽሑፍ ዓይነት አላውቅም። ከሁሉም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ግን አንድ ዓይነት ክሌም ነው፤ ክሌም ማለት ባለቤቱ "የእኔ ፈጠራ ይህ ነው" ብሎ ጥበቃ የሚጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ነው። ኩባንያው ይለያያል፣ አጻጻፉ ይለያያል፤ ሲጨመቅ ግን እንዲህ ይላል፦ ገመድ አልባ መሣሪያ የሚልከው ዳታ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ፣ ከኔትወርኩ ጋር ሙሉ ግንኙነት እስኪመሠርት ሳይጠብቅ፣ ዳታውን ከመጀመሪያ ጥያቄው ጋር አያይዞ ይልካል።

ይህን ያነበበ መሐንዲስ ሁሉ የሚለውን እኔም እላለሁ፦ ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ፈጠራ?

ችግሩ፣ የእኔ መገረም በፓተንት ሕግ ዓይን ማስረጃ አለመሆኑ ነው። መልሱን ካየ በኋላ ጥያቄው ቀላል የማይመስለው ማን አለ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማየት እወዳለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የውሃ ቆጣሪ እናስብ። የሚናገረው "እስከ ዛሬ ይህን ያህል ሊትር" ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ባይት። ይህችን ለማለት በመደበኛው የ4ጂ አሠራር መጀመሪያ "አለሁ" የሚል አጭር የሬዲዮ ምልክት ይልካል። ታወሩ ይመልስለታል። ግንኙነት ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታል፣ መቀበሉን ያረጋግጣል። ቀጥሎ ምስጢራዊ ቁልፉ እንዲሠራ ይደረጋል፣ ቻናሉ ይዋቀርለታል፣ መዋቀሩን መልሶ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ደጅ ጥናት ካለቀ በኋላ ሃያዋ ባይት ትሄዳለች። ከሄደችም በኋላ ኔትወርኩ "ምናልባት የሚጨምረው ይኖር ይሆናል" ብሎ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ቆጣሪውም ሬዲዮውን ከፍቶ አብሮ ይጠብቃል። አሥር ዓመት እንዲቆይ የታሰበን ባትሪ የሚጨርሰው ይህ ሥነ ሥርዓት ነው።

በ2018 የወጣው ሪሊዝ 15 (የሞባይል ስታንዳርዱ እትሞች ሪሊዝ እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ)፣ ማለትም የመጀመሪያው የ5ጂ ስታንዳርድ፣ "ኢንአክቲቭ" የሚባል መካከለኛ ሁኔታ አመጣ። መሣሪያው ይተኛል፤ ግን ኔትወርኩ ማንነቱንና ቁልፉን አይረሳም። ሲነቃ ከዜሮ አይጀምርም። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው እትም ዳታ ለመላክ ሙሉ በሙሉ መንቃት ነበረበት። ሪሊዝ 17 በ2022 ሲጠናቀቅ ነው ሳይነቃ ጥቂት ዳታ የሚልክበት መንገድ በ5ጂ የተፈቀደው። በዚህ ዙሪያ ነው የፓተንቱ ክምር ያለው።

ሐሳቡ ግን ከ5ጂ በጣም ይቀድማል። በ1971 ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃ የተባለውን የሬዲዮ ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ። በደሴቶቹ ላይ ያሉ ጣቢያዎች ማንንም ሳያስፈቅዱ ፓኬታቸውን ይለቃሉ፤ ከሌላው ጋር ከተጋጨ ትንሽ ቆይተው ይደግማሉ። አስቀድሞ ግንኙነት መመሥረት የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ለታወር የመጀመሪያውን "አለሁ" የሚልበት ዘዴ የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። ከዚያ ኤስኤምኤስ አለ። ፍሬድሄልም ሂለብራንድ በ1985 የ160 ፊደል ገደብን ሲያራምድ፣ መልእክቱ የሚጫነው ለጥሪ ማስተባበሪያ በተዘረጋው የሲግናሊንግ ቻናል ላይ ነበር። የመጀመሪያው መልእክት በዲሴምበር 3 ቀን 1992 ተላከ። ለድምፅ የሚሆን ቻናል ሳይከፈት ጥቂት ባይት አሻግሮ መመለስ ማለት ይኸው ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሚስኮል ነበረ። አንዴ አስጠርቶ መዝጋት "ደርሻለሁ"፣ ሁለቴ "ደውልልኝ"፤ ውሉን የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ግንኙነቱ ሳይመሠረት፣ ሒሳብ ሳይቆጠር፣ መረጃው በሲግናሊንጉ ላይ ብቻ ተሻግሮ ያድራል። ሚስኮልን ቀዳሚ ዕውቀት (ከማመልከቻው በፊት የታወቀ ነገር) ብሎ ለፓተንት ዳኛ ያቀረበ ጠበቃ እስካሁን አላየሁም። ቢያቀርብ ግን እኔ ከኋላው እቆማለሁ።

ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ የፓተንት ሕግ አንቀጽ 103 መሠረት፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሐሳቡ በጠቅላላው በዘርፉ መካከለኛ ችሎታ ላለው ባለሙያ ግልጽ ከነበረ ፓተንት አይሰጥም። ሥሩ በ1851 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ በር እጀታ የሰጠው ፍርድ ነው፤ ከብረት ወይም ከእንጨት ይሠራ የነበረውን ከሸክላ መሥራት የጎበዝ ሠራተኛ እንጂ የፈጣሪ ሥራ አይደለም አለ። በ1952 መሥፈርቱ በሕግ ሰፈረ፣ በ1966 የመመዘኛው ቅደም ተከተል ተተነተነ። የእኛን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው ግን በኤፕሪል 2007 በኬኤስአርና በቴሌፍሌክስ ኩባንያዎች መካከል ይኸው ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ነው። ክርክሩ የመኪና ነዳጅ ፔዳል ላይ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ስለመግጠም ነበር። ዳኛ ኬኔዲ የጻፉት ፍርድ ሁለት ነገር አስጨበጠ። አንደኛ፣ መካከለኛው ባለሙያ መካከለኛ የፈጠራ ችሎታም ያለው ሰው ነው፤ እንደ ማሽን የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ አድርጋችሁ አታስቡት። ሁለተኛ፣ ችግሩ ከታወቀ፣ የታወቁት መፍትሔዎችም ጥቂትና ውጤታቸው የሚገመት ከሆነ፣ ባለሙያው እነሱን አንድ በአንድ ቢሞክር የሚጠበቅ ነው።

አውሮፓውያኑ በሌላ በር ይገባሉ። የእነሱ መርማሪ የሚጠይቀው "ባለሙያው ይህን ማድረግ ይችል ነበር ወይ?" ብሎ አይደለም። "ያደርገው ነበር ወይ? ወደዚያ የሚገፋው ምን ነበር?" ይላል። የእነሱ ጥያቄ ይበልጥብኛል፤ መቻልማ ሁሉም ይችላል።

እንግዲህ አንዱን ቁራጭ ጠጋ ብለን እንየው፤ "የዳታው መጠን ከገደብ በታች ከሆነ" የምትለዋን። በሪሊዝ 17 መሣሪያው በአጭሩ መንገድ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ያያል። ሊልከው ያጠራቀመው ዳታ ኔትወርኩ ከነገረው መጠን ይበልጣል ወይ? የሚሰማው ሲግናል ኔትወርኩ ካስቀመጠው ደረጃ ያንሳል ወይ? ሁለቱም ካልሆኑ ይልካል። ብዙ ክሌሞች የሚመኩት በእነዚህ ሁለት ገደቦች ጥምረት ነው።

ወደ 3ጂ እንመለስ። እዚያ ሴል ፋች የሚባል ሁኔታ ነበር። መሣሪያው የራሱ ቻናል ሳይሰጠው በጋራው ቻናል ላይ ጥቂት ጥቂት ዳታ ይልካል። ያጠራቀመው ዳታ ከተቀመጠለት ገደብ ሲያልፍ "ክስተት 4ኤ" የተባለውን ሪፖርት ያቀርባል፤ ኔትወርኩም ከፈለገ የግል ቻናል ይሰጠዋል። የመጠን ገደቡ አለ። የፓተንቱ ጠበቃ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል፦ "በ3ጂ ውሳኔው የኔትወርኩ ነው፤ በእኛ ግን መሣሪያው ራሱ ይወስናል።" እውነቱን ነው፣ ልዩነት አለ።

ታዲያ የ4ጂን የመጀመሪያ እትም፣ የ2008ቱን ሪሊዝ 8፣ እንክፈት። መሣሪያው "አለሁ" ለማለት የሚልካቸው ምልክቶች በሁለት ምድብ ይከፈላሉ። የሚቀጥለው መልእክቱ ከተነገረው መጠን የሚበልጥ ከሆነና ወደ ታወሩ ያለው የሲግናል ብክነት ከገደብ በታች ከሆነ ከሁለተኛው ምድብ ይመርጣል፤ ያኔ ታወሩ ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚያስፈልገው ይገባዋል። መጠን ለክቶ፣ የሬዲዮውን ጥራት ለክቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚወስነው መሣሪያው ነው። ሁለቱ ገደቦች ጎን ለጎን፣ በአንድ አንቀጽ፣ 5ጂ ከመታሰቡ በፊት። እርግጥ የሚመረጠው የቦታው ስፋት ነው፤ ግንኙነት ሳይመሠረት ዳታ ይሂድ አይሂድ የሚለው ጥያቄ እዚያ የለም። ይህን ጥያቄ ደግሞ በ2018 የወጣው የ4ጂ ቅድመ ዳታ አሠራር መልሶታል። እዚያ መሣሪያው ዳታው በተፈቀደለት መጠን ውስጥ የሚያርፍ ከሆነ፣ ቢበዛ በ1000 ቢት ውስጥ፣ ከሦስተኛው መልእክት፣ ማለትም ግንኙነት ከሚጠይቅበት ጋር አያይዞ ይልከዋል። እነዚህን ሁለት ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በ2020 የገባ ማመልከቻን "ግልጽ አልነበረም" ለማለት ደፋር መሆን ይጠይቃል። ያው ዓረፍተ ነገር በ2006 ገብቶ ቢሆን ኖሮ ግን እኔም አፌን እይዝ ነበር። በዚህ ሙግት ከቃላቱ ይልቅ የማመልከቻው ቀን ይከብዳል።

የሚፈትነኝ ተቃውሞ አንድ አለ፦ "ይህን ያህል ግልጽ ከነበረ ለምን እስከ 2022 ቆየ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕጉም ለረጅም ጊዜ የተፈለገና ያልተገኘ መፍትሔን ለፈጣሪው ይቆጥርለታል። በእኛ ጉዳይ ግን መልሱ ከላቦራቶሪ ይልቅ ከስብሰባ አዳራሽ ይገኛል። ኢንአክቲቭ ገና ሲረቀቅ፣ በ2016 እና በ2017፣ በዚያ ሁኔታ ዳታ ስለመላክ ተወርቶ ነበር። 5ጂን ቶሎ ማውጣት ስለበለጠ ለኋላ ተተወ። ተራው የደረሰው በዲሴምበር 2019 የሞባይል ስታንዳርዶቹን የሚያወጣው የ3ጂፒፒ ጉባኤ ስፔን ሲትጄስ ላይ ሲቀመጥ ነው። የጸደቀው የሥራ ሰነድ ራሱ መንገዶቹን ይዘረዝራል፦ በአራት እርምጃ መግቢያ፣ በሁለት እርምጃ መግቢያ፣ ወይም አስቀድሞ በተመደበ ቦታ። ሦስት መንገድ፣ በአደባባይ ተጽፎ። ኬኔዲ "ጥቂትና የታወቁ" ሲሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የቀረበ ያውቀዋል። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ኩባንያዎች ሰነዳቸውን ይጭናሉ፤ ሰነዱ ከመጫኑ በፊት ደግሞ፣ አንዳንዴ በዋዜማው ሌሊት፣ ማመልከቻቸው ፓተንት ቢሮ ይገባል። ስብሰባው ሲከፈት በርካታ ኩባንያዎች አንዱን ሐሳብ በተለያየ ስም ይዘው ይመጣሉ። በተናጠል፣ በተመሳሳይ ወር፣ ያንኑ ነገር ያሰቡት ይህን ያህል ከሆኑ፣ ይህ ራሱ ነገሩ ለሙያው ሰው ግልጽ እንደነበር ያሳያል ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ዓይነት ማስረጃ ይቀበላሉ፤ የሚሰጡት ክብደት ግን እኔ ከምፈልገው ያነሰ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ "እባክህ ደውልልኝ" የሚለው የነጻ መልእክት ታሪክም እንዲሁ ነው። ንኮሳና ማካቴ በ2000 ሐሳቡን ለአሠሪው ለቮዳኮም አቀረበ፤ ተፎካካሪው ኤምቲኤን ደግሞ በ2001 መጀመሪያ ተመሳሳይ አገልግሎት ይዞ ወጣ። ማካቴ በ2016 በሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የረታው በፓተንት አልነበረም፤ "እንነጋገራለን" ተብሎ በተገባለት ቃል ነው። ቃል ተገብቶለት ነበርና ማሸነፉ አስደስቶኛል። ፓተንት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግን ከማን ወገን እንደምቆም አላውቅም።

ይህን ሁሉ ስል በዚህ ዘርፍ ፈጠራ የለም ማለቴ እንዳይመስል። አለ፤ የተደበቀው ግን ማንም በማያየው ጥግ ነው። ለምሳሌ ቁልፉን ውሰዱ። መሣሪያው ዳታውን ከመጀመሪያ ጥያቄው ጋር የሚልክ ከሆነ በምን ቁልፍ ይቆልፈዋል? በቀድሞው የ4ጂ አሠራር መሣሪያው አዲሱን ቁልፍ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ቁጥር የሚያገኘው ታወሩ ሲመልስለት ነበር፤ ማለትም ዳታው መሄድ ከነበረበት ጊዜ በኋላ። መፍትሔው ቁጥሩን ባለፈው ጊዜ ሲሰናበት አብሮ ማስያዝ ሆነ። ተኝቶ ሲነሳ የሚጠቀምበትን ቁልፍ ይዞት ይተኛል። ዛሬ ሲሰሙት ቀላል ነው። ያኔ ግን የደኅንነቱን ቡድንና የሬዲዮውን ቡድን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይጠይቅ ነበር፤ ማን ወደዚያ እንደሚገፋው እኔ በቀላሉ አላየውም።

ወይም መሣሪያው ተኝቶ ሳለ ከተዘዋወረ አስቡት። የነቃው ሌላ ታወር ሥር ነው፤ ማንነቱን የሚያውቀው ግን የድሮው ታወር ነው። ለሃያ ባይት ብሎ ሙሉ ማኅደሩን ማዛወር የቆጠቡትን መልሶ ማባከን ነው። ሪሊዝ 17 ማኅደሩ ባለበት እንዲቀር አንድ መንገድ ከፈተ፦ አዲሱ ታወር የታችኛውን የፕሮቶኮል ክፍል ብቻ ተውሶ ፓኬቱን ይቀበላል፣ ሳይፈታው ለድሮው ያሻግራል፤ የሚፈታው ቁልፉ ያለው ነው። ይህን በዝርዝር የሚጠይቅ፣ ጠባብና ሐቀኛ ክሌም ባገኝ ብዕሬን አስቀምጬ አልፈዋለሁ።

የሚያናድደኝ እነዚህ ጥጎች እንደ ማለፊያ ወረቀት ሲያገለግሉ ነው። በማብራሪያው ገጾች ላይ ቁልፉም፣ ማኅደሩም፣ የጨረር አቅጣጫ አመራረጡም በዝርዝር ይጻፋል። አንደኛው ክሌም ላይ ግን ሁሉም ተራግፎ "ከገደብ በታች ከሆነ ይልካል" ብቻ ይቀራል። መርማሪው ሲከለክል አንዲት ሐረግ ትጨመራለች። ደግሞ ሲከለክል ሌላ። በመጨረሻ መርማሪው የሚያርፈው ሐረጎቹ ሁሉ በአንድ ሰነድ ውስጥ ተሰብስበው ስላላገኛቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው ግን በየቦታው አሉ። አስቀድሞ የተመደበ ቦታ ላይ መላክን ተመልከቱ። መሣሪያው ከተኛ በኋላ እንዳልተንቀሳቀሰ ለማወቅ የሲግናሉን ጥንካሬ ካለፈው ጋር ያነጻጽራል፤ ብዙ ካልተለወጠ የጊዜ ማስተካከያው (ምልክቱ ታወሩ ጋር በሰዓቱ እንዲደርስ የሚያደርገው) አሁንም ይሠራል ማለት ነው። ይህ ዘዴ በሪሊዝ 16 ለ4ጂ ቆጣሪዎች ተጽፎ አልቋል። "በ5ጂ ውስጥ" የሚለውን ቃል ጨምሮ ያንኑ መጠየቅ ከሸክላው እጀታ በምን ይለያል?

በሌላ በኩል ገንዘቡ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በብላክቤሪ ላይ የተነሣው የገመድ አልባ ኢሜይል ክስ በ2006 ያለቀው በ612.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ያውም ፓተንት ቢሮው ክሌሞቹን መልሶ እየመረመረ ውድቅ ማድረግ ጀምሮ ሳለ። ኩባንያው የቢሮውን ውሳኔ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ አገልግሎቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊቋረጥበት ይችል ነበር። ከ2012 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠን ፓተንት በፓተንት ቢሮው ዳኞች ፊት መልሶ መሞገት ይቻላል፤ የግልጽነት ጥያቄም በብዛት የሚፋለመው እዚያ ነው። ወጪው ግን የአንድ ትንሽ ቆጣሪ አምራች ዓመታዊ ገቢ ሊያህል ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ይከፍላል፣ ዝም ይላል።

የእኛን አገር አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ሳነብ አንድ ነገር ያስቀናኛል። ፓተንት አዲስነትን፣ የፈጠራ ብቃትንና በኢንዱስትሪ መዋልን ይጠይቃል፤ እንደ ሌላው ዓለም። ከጎኑ ግን አነስተኛ ፈጠራ የሚባል ክፍል አለ። አዲስ ከሆነና ከጠቀመ ይበቃዋል፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ነበር አልነበረም ብሎ የሚያፋጥጠው የለም፤ የጥበቃ ዘመኑም በዚያው ልክ አጭር ነው። ጀርመንም ቻይናም ተቀራራቢ ክፍል አላቸው፤ እነሱ ግን የግልጽነትን ጥያቄ ጨርሶ አልተዉትም። አሜሪካ የላትም፤ እዚያ ወይ ሃያ ዓመት ነው ወይ ምንም። በእኔ ሚዛን ካነበብኳቸው የጥቂት ዳታ ክሌሞች አብዛኞቹ ቦታቸው ይኸው አነስተኛ ፈጠራ ነበር። ጥቂት ዓመት ተጠብቀው፣ ለባለቤታቸው ምስጋናም ገንዘብም አስገኝተው፣ ወደ ሁሉም ሰው ይሄዱ ነበር።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት የሪሊዝ 18 ናቸው። እዚያ አቅጣጫው ተገልብጧል፤ ኔትወርኩ ለተኛው መሣሪያ ጥቂት ዳታ ሊልክለት ሲፈልግ በመጥሪያው መልእክት ላይ "ለጥቂት ነገር ነው፣ ሙሉ በሙሉ አትንቃ" የሚል ምልክት ያደርግበታል። መጥሪያው የድሮ ነው። ሳይነቁ መላላኩ ከሪሊዝ 17 አለ። የሚጨመረው ምልክቱ ብቻ ነው። ያንን ምልክት ብቻውን የሚጠይቅ ክሌም ከመጣብኝ አልፈርምለትም። ኔትወርኩ ዳታው ጥቂት መሆኑን ሳያየው በፊት እንዴት እንደሚያውቅ የሚናገር ከመጣ ግን ወንበሬን ስቤ አነበዋለሁ።